ጡረታ፥ ጉዞና የመመለሻ በር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመረጥነው ርእስ ምናልባት ከዕድሜያችን ጋር የማይስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። ርእሳችን «ሥራን ቀደም ብሎ ትቶ በዝግታ ወደ ውጭ አገር ስለ መጓዝ» የሚል ነው። ገና የመጀመሪያ ደመወዙን ያልተቀበለ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ስለ ጡረታ ምን ያውቃል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛው፥ ጡረታ የሚታሰበው በስድሳ ዓመት ሳይሆን ገና በሃያ ዓመት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ የሽማግሌ ነገር ሁልጊዜ የልጅም ነገር መሆኑ ነው፤ አባት ቤቱን ዘግቶ መንገድ ቢጀምር ቁልፉን የሚረከበው ልጁ ነውና።

ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ቃሉና ስለ ሕጉ፥ ቀጥሎ አባቶቻችን እንዴት ይጓዙ እንደ ነበር፥ በመጨረሻም ዛሬ በመንገዱ ላይ ስላለው ችግርና ስለ እኛ ድርሻ ጥቂት እንናገራለን።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ያስተምራል። የመጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ይኸውም ያረጁትን መመገብ፥ ማልበስና መርዳት ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ገለል ማለትን፥ ወደ ኋላ መመለስን የሚያመለክት ሲሆን፥ የእኛ ቃል ግን ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ ጧሪና ተጧሪ። በእኛ ቋንቋ ሰው ብቻውን ጡረታ ሊወጣ አይችልም ማለት ነው። ይህን ነገር እንድታስታውሱልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ድሮ ጧሪው ልጅ ነበር። ቀጥሎ መንግሥትም የጧሪነቱን ሥራ ተካፈለ። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ድንጋጌና በ1963 በተከተለው አዋጅ በዘመናዊ ሕግ ተደነገገ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ቆይተው፥ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 እነርሱም የጡረታ ባለመብት ሆኑ። በዚሁ አዋጅ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፥ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ እንዲያዋጡ ተወሰነ። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በራሱ ፈቃድ ቀደም ብሎ ሥራውን የሚተው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አበሉን ወዲያውኑ አያገኝም፤ ዕድሜው እስኪደርስ መጠበቅ አለበት።

የምንኖርበት ሰፈር እንኳ ከዚህ ነገር ጋር የተያያዘ ስም አለው። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የኢጣልያ ድርጅት ነው። በኢጣልያንኛ «ካዛ» ቤት ማለት ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ሁለቱን ቃል አጋጥሞ ካዛንቺስ አለው። ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የደመወዝተኛ ሰፈር ነው። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ በዚያው አጠገብ ተመርቆ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች ሲተላለፉ ይውላሉ። አንደኛው በአገሩ መሥሪያ ቤት የሚያገለግልና አበሉን በብር የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጡረታ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2014 በፊት የገባውን ሠራተኛ በ55 ዓመቱ፥ ከዚያ ወዲህ የገባውን በ58 ዓመቱ፥ አበሉ እየተቀነሰም ቢሆን ቀደም ብሎ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። እንግዲህ ቀድሞ መውጣት የሚባለው ነገር ለአንዱ ጎረቤት የሚታሰብ፥ ለሌላው ጎረቤት ግን የሕልም እንጀራ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ይህን ነገር በሒሳብ ይዘውታል። ዊልያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የገንዘብ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት፥ አንድ ሰው ካጠራቀመው ሀብት በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ ያህል ቢያወጣ፥ ከዚያም በየዓመቱ የኑሮ ውድነቱን ያህል እየጨመረ ቢሄድ፥ ገንዘቡ 30 ዓመት ሊያቆየው እንደሚችል አሳየ። ከዚህም የተነሣ የዓመት ወጪውን 25 እጥፍ ያጠራቀመ ሰው ሥራውን ሊተው ይችላል የሚል አሳብ ተስፋፋ። አሳቡን የተቀበሉ ሰዎች በ40 ወይም በ50 ዓመታቸው መሥሪያ ቤታቸውን ተሰናብተው መንገድ ይጀምራሉ። ነገር ግን እንደ አገር ጎብኚ በሳምንት አምስት ከተማ አይሮጡም። በአንድ ከተማ ለወር ወይም ለሁለት ወር ቤት ይከራያሉ፥ ከሠፈሩ ገበያ አትክልት ይገዛሉ፥ ራሳቸው ያበስላሉ፥ ጎረቤት ያበጃሉ፥ ቋንቋም ይለማመዳሉ። ጥቅሙም ግልጽ ነው። የወር ኪራይ ከሆቴል አዳር ይረክሳል፥ የቲኬት ወጪ ይቀንሳል፥ ሰውነትም አይደክምም።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ነውን? እኛ አይደለም እንላለን። ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ የአባቶቻችን ነው።

በአገራችን ትውፊት እንደሚነገረው፥ የአክሱሙ ንጉሥ አፄ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ዓመት ወደ ደቡብ ዐረብ ዘምተው ድል ካደረጉ በኋላ፥ ገና መንገሥ ሲችሉ ዙፋናቸውን ትተው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሱ፤ ዘውዳቸውንም ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ። ይህ ሥራን ቀደም ብሎ የመተው ታላቅ ምሳሌ ነው፤ ምንም እንኳ ባሕር የተሻገረው ዘውዱ፥ የቀረውም ንጉሡ ቢሆን። ከብዙ ዘመን በኋላ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1330ዎቹ መጨረሻ ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ ሲሆን ከአገራቸው ወጡ። በግብፅ፥ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል አልፈው አርመን አገር ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1352 እዚያው እስካረፉ ድረስ ዐሥር ዓመት ያለፈው ጊዜ በመንገድና በእንግድነት አሳለፉ። አንዳንድ ደቀ መዛሙርታቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው ትምህርታቸውን አስፋፉ። መምህሩ ባይመለሱም የተማሩት ተመለሱ።

ከእነዚህ ታላላቅ ሰዎች በቀር ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚነሣ ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት ዕዳውን ይከፍላል፥ የተጣላውን ይታረቃል፥ ንብረቱን ለልጆቹ ይናዘዛል። ከዚያም ጎረቤት ስንቅ ይሰንቅለታል፥ ይመርቀዋል፥ ይሸኘዋል። ጉዞው የወራት እንጂ የቀናት አልነበረም። ሰውየው በዕረፍት ቀን ሄዶ በሥራ ቀን የሚመለስ ስላልሆነ፥ የዓለሙን ሥራ ከጨረሰ በኋላ ብቻ የሚነሣው መንገድ ነበር። የአባቶቻችን የጡረታ ጉዞ ይህ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

ይህ መንገድ ዘመናዊ በሆነ ጊዜም ዝግታውን ወዲያው አልተወም። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ መነሻው ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ለገሃር ሆነ። እስከ ጅቡቲ የነበረው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንድ ሌሊት አዋሽ፥ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር። ከዚያም በመርከብ በቀይ ባሕር ወደ ስዌዝ ይጓዛል። ደጋውን ለቆ ወደ ቆላው ሲወርድ ልብሱን እየቀነሰ፥ በየጣቢያው የሚሸጠውን ፍሬ እየቀመሰ፥ የሰውን ቋንቋና አለባበስ እያየ ስለሚሄድ፥ ባሕሩ ሳይደርስ ገና ግማሽ ትምህርቱን ይጨርሳል።

እንግዲህ የዝግታ ጉዞ ምን ይጠቅማል? ተጓዡን ደስ ማሰኘቱ የታወቀ ነው። እኛ ግን ለቀሩት ሰዎች የሚያመጣውን ጥቅም ሦስት ምሳሌ እየሰጠን ልናሳይ እንወዳለን።

የመጀመሪያው ምሳሌ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በአማራ አገር በመካነ ሥላሴ የተወለዱት እኚህ ሊቅ ወደ ሮማ ሄደው በዚያ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ወደምትባል ከተማ ተጠርተው በመሄድ፥ ከሊቁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ወራት ተቀመጡ። ሉዶልፍ ከእርሳቸው ሰምቶና ጠይቆ የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1661፥ የአማርኛን ደግሞ በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ጎታን አይተው በሦስተኛው ቀን ቢነሡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተጻፈ ነበር። እርሳቸው ግን ሥራቸው ታትሞ ሳያዩ፥ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በመርከብ አደጋ ሞቱ።

ሁለተኛው ምሳሌ የ1916 ዓ.ም. ጉዞ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በዚያ ዓመት ከለገሃር በባቡር ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ተጓዙ፤ ጉዞውም ወራት ፈጀ። እርሳቸው ጡረተኛ አልነበሩም፤ ይሁን እንጂ ቆም ብሎ የሚያይ መንገደኛ ምን እንደሚያገኝ ጉዞው ያስተምራል። በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም ወላጆቻቸውን በእልቂቱ ያጡ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ከእነርሱ ጋር የመጣው መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን በዚያ ዘመን የነበረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ዛሬ «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወሱት እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛው ምሳሌ በኢየሩሳሌም ያሉት የኢትዮጵያ ቤቶች ናቸው። በዴር ሱልጣን፥ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፥ መነኰሳቶቻችን በጠባብ ጎጆዎች ተቀምጠው ቦታውን ጠብቀዋል። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን፥ ንግሥት ዘውዲቱ ያሠሩትም ቤት፥ እስከ ዛሬ ቆመዋል። አንዱ የሄደበት መንገድ ለሚቀጥለው ማደሪያ ይተውለት ነበር ማለት ነው። በችኮላ የሚያልፍ መንገደኛ ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል፤ በዝግታ የሚሄድ መንገደኛ ግን በስተኋላው ቤት ይተዋል።

ፍጥነትን እንደ ጠላት የምናይ ግን አይደለንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ወዲህ የወራት መንገድ የሰዓታት ሆኗል፤ ለታመመና ለነጋዴ ይህ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ የምናነበውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናስብ። የንግሥቲቱ የሀብት ሹም ሆኖ ሳለ ሥራውን ለጊዜው ትቶ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ሲመለስ፥ በሠረገላው ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ የደረሰበት፥ የሚያነበውንም የሰማው፥ ሠረገላው በዝግታ ስለ ተጓዘ ነው። በአውሮፕላን ቢሄድ ኖሮ ፊልጶስ ምን ያደርግ ነበር? በመንገድ ላይ ሰው እንዲደርስብን ከፈለግን የሚደረስበት ፍጥነት ሊኖረን ያስፈልጋል።

እስካሁን የተናገርነው መልካሙን ብቻ ነው። አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ፤ ችግሩን ሳያዩ ምክር መስጠት መንገዱን ሳያውቁ መንገድ እንደ መምራት ነውና።

የመጀመሪያው ችግር ገንዘብ ነው። የ4 በመቶው ስሌት የተሠራው ለአሜሪካን ገበያ ነው። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ነበር፤ በባንክ የተቀመጠ ብር ደግሞ የዚህን ሲሶ ያህል ወለድ እንኳ አላገኘም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር የሚጦር ሰው ሳይንቀሳቀስ የውጭ አገር መንገዱ በእጥፍ ራቀበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ፓስፖርት ነው። የአሜሪካ ጡረተኛ አውሮፓን ለመጎብኘት ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም። የእኛ ሽማግሌ ግን የባንክ ደብተሩን፥ የቤቱን ካርታና የልጆቹን ፎቶግራፍ ይዞ መቅረብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ኅብረት በወሰነው መሠረት የኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደረገ። ቪዛው ቢገኝ እንኳ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቀመጥ አይቻልም። ዝግተኛ መንገደኛ በቀን መቁጠሪያ ሲሮጥ ይታያችሁ!

ሦስተኛው ችግር ጧሪና ቀባሪ ነው። የእኛ አረጋዊ የሚፈራው መንገዱን አይደለም፤ በሰው አገር ያለ ቀባሪ መቅረትን ነው። ለዚህም ነው እድር ከምንም ነገር በላይ የሚከበረው። በየወሩ የሚከፈለው ጥቂት ብር ድንኳን፥ ወንበርና ብረት ድስት ብቻ የሚገዛ አይደለም፤ ሰው አለህ የሚል ማረጋገጫ ነው።

በዚህ በኩል የካዛንቺስን ነገር ሳናነሣ ልናልፍ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ፥ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ተነሡ፤ ከእነርሱም ወደ ገላን ጉራ የሄዱ ብዙዎች ናቸው። የከተማ መታደስ አስፈላጊ መሆኑን እናውቃለን፤ መንገዱም እንደ ሰፋ፥ የእግረኛ መሄጃም እንደ ተሠራ እናያለን። የተነሡትም አዲስ ቤት አግኝተዋል። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል በዚያው ሰፈር አርጅተው፥ ክፍል እያከራዩ አበላቸውን የሚደጉሙ አረጋውያን ነበሩ። እድራቸው ተበተነ ወይም ራቀ፥ የቡና ጎረቤታቸው በሌላ ወገን ቀረ። እነዚህ ሽማግሌዎች ጉዞ አልወጡም፤ መንገዳቸውም ከአዲስ አበባ ጫፍ አላለፈም። ሆኖም ማልደው ቢነሡ የሚያንኳኩት የቀድሞ በር የለም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ተረድተናል፤ የንግግራችንም ፍሬ እርሱ ነው። መንገደኛን ከተፈናቃይና ከስደተኛ የሚለየው የመንገዱ ርዝመት አይደለም፥ የያዘውም ገንዘብ አይደለም። የሚለየው ተመልሶ የሚያንኳኳው በር ነው። በር ያለው ሰው አርመን አገር ድረስ ቢሄድ መንገደኛ ነው፤ በር የሌለው ሰው ከካዛንቺስ ገላን ቢሄድም ስደት ይሰማዋል። የጥንቱ ሽማግሌ ልቡ ሳይሰጋ ወራት በመንገድ የሚቆየው ብርቱ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ በሩን የሚጠብቅለት ልጅ ስለ ነበረው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደ እኛ ወደ ወጣቶቹ ይመጣል። በዚህ አዳራሽ ካለነው የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ወደ ውጭ አገር መሄድን ያላሰበ ማን አለ? ገና ፈተናው ሳያልቅ የምንነጋገረው ስለ ቪዛ ነው። በዕድሜ እኩዮቻችን የሆኑ የገጠር ልጆች ደግሞ ቪዛም ሳይጠይቁ፥ በጅቡቲ በኦቦክ ባሕር ዳርቻ በኩል በትንሽ ጀልባ ታጭቀው ወደ የመን ይሻገራሉ፤ በዚያ ባሕር የቀሩትም ብዙዎች ናቸው። ነገሩን ልብ በሉልን። አያቶቻችን ሥራቸውን ጨርሰው፥ ተመርቀውና ተሸኝተው፥ በባቡር እየቆሙ የወረዱበት ያው የጅቡቲ ባሕር ነው፤ ዛሬ ግን ሥራቸውን ያልጀመሩ ልጆች ሳይሰናበቱ በሌሊት ይሮጡበታል። ሥርዓቱ ተገለበጠ። መሄድ የሚገባው ሽማግሌ ደጅ ተቀምጦ መንገድ ያያል፤ በር መጠበቅ የሚገባው ልጅ አስቀድሞ ወጣ።

ልጆች አይሂዱ አንልም። መማር የሚሄድ ይሂድ፤ ችግር የገፋውንም ሰው ልንወቅሰው አንችልም። የምንለው ግን ጦረ የሚለው ቃል አሁንም ሁለት ሰው ይጠይቃል ነው። ከቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ለጥቂት ዓመታት እንኳ በአገሩ ሠርቶ «አባዬ፥ እማዬ፥ አሁን ደግሞ እናንተ ሂዱ፤ ቤቱን እኔ አያለሁ» ቢል፥ ይህ ራሱ ጡረታ ነው። ውጭ አገር ያሉት ወንድሞቻችን የሚልኩት ዶላር ወላጆቻቸውን ይመግባል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ዶላር በር አይከፍትም፥ ለእንግዳም ቡና አያፈላም።

በመጨረሻ፥ ሥራውን ቀደም ብሎ ለመተው ዐቅም ላለውና ዓለምን በዝግታ ለማየት ለሚወድ አባትና እናት አራት ምክር እናቀርባለን። ልጅ አዋቂን ሊመክር አይገባውም ብትሉም፥ ምክሩን ከአባቶቻችን አካሄድ የለቀምነው ስለ ሆነ ከእነርሱ እንደ መጣ ቁጠሩልን።

አንደኛ፥ እንደ ጥንቱ መንገደኛ ቤትን አሰናድቶ መነሣት ነው። ዕዳ ይከፈል፤ የሚታመን ሰው በሕግ ፊት ውክልና ይሰጠው፤ የእድሩም መዋጮ ለሚቀሩት ወራት ተከፍሎ ለዳኛው ይነገር።

ሁለተኛ፥ ከቅርብ መጀመር ነው። ፓሪስ ካልታየ ዓለም አልታየም ማለት ስሕተት ነው። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሞያሌም እስከ ናይሮቢ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል የአስፋልት መንገድ አለ። በሐዋሳ ሁለት ሳምንት፥ በዲላ የቡናውን ለቀማ ለማየት አንድ ሳምንት፥ በያቤሎ ጥቂት ቀን እየተቀመጠ የሚሄድ ሰው ድንበሩን ሳይሻገር ብዙ ወዳጅ ያበጃል። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀቱንና የሚወስደውን መድኃኒት ግን ከቤቱ ይዞ ይነሣ።

ሦስተኛ፥ በአንድ ቦታ መቀመጥ ነው። ቢያንስ አንድ ወር፤ ቢቻል የገበያውን ቋንቋ እስኪለምዱ ድረስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፥ ዐሥር አገር ቆጥሮ አንዱንም ሳያውቁ ከመመለስ አንዱን አውቆ መመለስ ይሻላል።

አራተኛ፥ አንድ ነገር ይዞ መመለስ ነው። ከዕቃው ይልቅ ዕውቀት እንፈልጋለን። የናይሮቢ ሰው ቆሻሻውን የት እንደሚጥል፥ የድንበር ከተማ ሰው በሁለት ቋንቋ እንዴት እንደሚነግድ፥ የአዛውንት መዋያ የት እንዳለ ያየ ሽማግሌ ተመልሶ በዚህ አዳራሽ ለአንድ ሰዓት ቢነግረን፥ ከብዙ መጽሐፍ የማናገኘውን እናገኛለን። ትምህርት ቤታችንም እንደዚህ ያሉትን አባቶችና እናቶች በዓመት አንድ ቀን ጠርቶ ቢያናግር መልካም ነው ብለን በዚህ አጋጣሚ እናሳስባለን።

የተከበራችሁ እንግዶች፤ እኛ በጥቂት ወራት ውስጥ ይህን ግቢ እንለቃለን። ወደየት እንደምንሄድ ገና አናውቅም። መምህራኖቻችን ግን ከእኛ በፊት ብዙ ተማሪ ሸኝተው በሩን ሳይዘጉ ቆይተዋል። እኛም በተራችን ወላጆቻችንን ለመሸኘት የምንበቃ፥ ሲመለሱም በሩን ከውስጥ የምንከፍት ልጆች እንድንሆን እንመኛለን። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፥ ለመምህራኖቻችን ጤና፥ ለወላጆቻችን ያማረ የእርጅና ዘመንና መልካም መንገድ እንዲሰጥልን እየጸለይን በዚሁ እንፈጽማለን።